ፋይበሩ ገብቶልናል፣ ፍጥነቱስ የት ቀረ?

የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

በዚህ እትም ያቀረብናቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ሲሆኑ ሁሉም ቤት ስለገባ የፋይበር ኢንተርኔት ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች «ቀርፋፋ ነው» ይሉናል እንጂ ፍጥነቱን በኬብል ይለኩት በዋይፋይ አይነግሩንም። ከመንገድ የሚመጣው መስመር፣ ቤት ውስጥ የተዘረጋው ሽቦና በአየር የሚሄደው ዋይፋይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሳይለዩዋቸው ቴክኒሻን መጥራትም ሆነ አዲስ ራውተር መግዛት ለሻጩ ካልሆነ በቀር ለማንም አይጠቅምም።

ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

«ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ነው፤ ቤቴ ሆኜ ለደንበኞቼ በኢንተርኔት እልካለሁ። ውሌ 1 ጊጋ ቢት በሰከንድ ይላል። ላፕቶፔን በኬብል አገናኝቼ ስለካው ግን ጠዋትም ማታም 94 ሜጋ ቢት ነው፤ አንድ ቀን እንኳ 100 ሞልቶ አያውቅም። ደጋግሜ ባመለክትም መልሱ "ከእኛ በኩል ችግር የለም" ነው።»

መልስ፦ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። 94 የሚለው ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል። መስመር ሲበላሽ ወይም ሲጨናነቅ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፤ አንዴ 600፣ አንዴ 210፣ ትንሽ ቆይቶ 380 ያሳያል። ሳይነቃነቅ 94 ወይም 95 ላይ ተተክሎ የሚቀር ከሆነ ግን በመሀል አንድ ቦታ ላይ ግንኙነቱ በ100 ሜጋ ቢት ተወስኗል ማለት ነው። የጎደለችው አምስት ስድስት ሜጋ ቢት መረጃው የሚታሸግበት ሄደር የሚበላት ናት።

በመጀመሪያ ላፕቶፑ በስንት እንደተስማማ ይዩ። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያም ኢተርኔት ውስጥ ይግቡ። «ሊንክ ስፒድ» በሚለው ትይዩ 1000/1000 መባል ነበረበት። 100/100 የሚል ከሆነ ችግሩ ያለው እዚያው ቤትዎ ውስጥ ነው።

እኛ ቀድመን የምንጠረጥረው ኬብሉን ነው። በኔትወርክ ኬብል ውስጥ በአራት ጥንድ የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ለ100 ሜጋ ቢት አራቱ ይበቃሉ፤ ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥንድ ማለት ነው። ለጊጋ ቢት ግን ስምንቱም መድረስ አለባቸው። ከሰማያዊው ወይም ከቡናማው አንዷ ሽቦ ከተቆረጠች ወይም ጫፉ ላይ በደንብ ካልተነከሰች፣ ሁለቱ መሣሪያዎች በጊጋ ለመገናኘት ሞክረው ሲያቅታቸው ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጡም። ኢንተርኔቱም ስለሚሠራ ኬብሉን የሚጠረጥር የለም።

ስለዚህ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ፣ ላዩ ላይ «ካት 5ኢ» ወይም «ካት 6» የሚል ጽሑፍ ያለበት አጭር ኬብል ተውሰው ላፕቶፑን በቀጥታ ከፋይበሩ ሳጥን (ከሞደሙ) ጋር ያገናኙ። 1000/1000 ካሳየ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ግድግዳው ውስጥ ያለፈውን ኬብል ከመጣልዎ በፊት ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠው በአዲስ አርጄ 45 (የኬብሉ የፕላስቲክ መሰኪያ) ያስነክሱት። የፕላስቲኩን ምላስ ወደ ታች አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ ሲቆጥሩ ተራው ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ ነው። ሰማያዊው ጥንድ በአረንጓዴው መሀል መግባቱን ልብ ይበሉ፤ ጥንዶቹን በየተራ ደርድሮ የሚነክስ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ላይ ነው። ጥምዝ የሚፈታውም ቢበዛ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለውበት ተብሎ አምስት ሳንቲ ሜትር ከተፈታ ጥንዶቹ እርስ በርስ ይረባበሻሉ።

ኬብል ሲገዙ ደግሞ አንዷን ሽቦ ልጠው ጫፏን በምላጭ ይፋቁ። ውስጧም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ላይዋ ቀይ ሆኖ ውስጧ ነጭ ካበራ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያጥፏት ትሰበራለች። በአጭር ርቀት ሊሠራ ይችላል፣ ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ኬብል ግን አንመክርም።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው የተሰካበት ቀዳዳ ነው። የፋይበር ሳጥኖች ሁሉ እኩል አይደሉም። ለምሳሌ ሁዋዌ ኢጂ8141ኤ5 አራት የላን (የኔትወርክ ኬብል) ቀዳዳ ቢኖረውም ጊጋ የሚያስተላልፈው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱ በ100 የተወሰኑ ናቸው፤ ዋይፋዩም 2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ነው። ኢጂ8145ቪ5 ግን አራቱም ጊጋ ናቸው፣ ዋይፋዩም በሁለቱም ባንድ፣ በ2.4ም በ5 ጊጋ ኸርዝም፣ ይሠራል። የሳጥንዎን ስም ከሥሩ ካለው ወረቀት ያንብቡና ላን 1 ላይ ሰክተው እንደገና ይለኩ። በመሀል አንዱን ኬብል ለብዙ መሣሪያ የሚያካፍል ትንሽ ስዊች ካለም ጀርባው ላይ «10/100» ብቻ ከተጻፈ መለወጥ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አዳፕተር የሚጠቀሙ ከሆነ ሰማያዊ አፍ ያለው ዩኤስቢ 3 ላይ ይሰኩት፤ ዩኤስቢ 2 በወረቀት ላይ እንኳ 480 ነው።

ሁሉም ሲስተካከል 1000 እንዳይጠብቁ። የጤነኛ ጊጋ ቢት ኬብል ጣሪያው 940 አካባቢ ነው። ከሳጥኑ ኋላ የራስዎን ራውተር ካስገቡና ስምና የይለፍ ቃል አስገብቶ መስመሩን የሚከፍተው እሱ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ደካማ ከሆነ 300 ወይም 400 ላይ ሊያዝ ይችላል። «ኪውኦኤስ» (ለየትኛው መረጃ ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚወስነው) ወይም የልጆች ቁጥጥር ማብራት ደግሞ ብዙ ራውተሮች ላይ የውስጥ ማፋጠኛውን ያጠፋዋል፤ ሁለቱን አጥፍተው ይሞክሩ። አንድ ነገር ግን እናሳስብዎ፦ የእርስዎ ሥራ መላክ ነው፣ የሚለኩት ግን የማውረዱን ነው። ውሉ ላይ የመላኪያው ፍጥነት ለብቻው ስንት እንደሆነ ያንብቡ። ጂፖን የሚባለው የፋይበር አሠራር ራሱ ለመላኪያ የመደበው ከማውረጃው ግማሽ ነው፤ 1.244 ጊጋ ለ2.488።

ከደብረ ብርሃን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

«የቤታችን ፓኬጅ 100 ሜጋ ነው፤ ፊልም ሳወርድ ግን 11 ብቻ ያሳየኛል። ተሸወድን?»

መልስ፦ አልተሸወዳችሁም። ውሉ የሚቆጥረው በቢት ነው፣ ማውረጃ ፕሮግራሙ ደግሞ በባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና 100ን ለ8 ብታካፍል 12.5 ይመጣል፤ ከዚያ ላይ ሄደሩ ሲቀነስ 11 ከምናምን ይቀርሃል። ሙሉ ፍጥነትህን እያገኘህ ነው።

ከደብረ ሲና

«ቤታችን የድንጋይ ነው፣ የግድግዳው ውፍረት ግማሽ ሜትር ይሆናል። ሳሎን ውስጥ ዋይፋዩ ጥሩ ነው፤ መኝታ ቤት ስንገባ ይጎተታል፣ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ጭራሽ አይደርስም። ጉም ሲወርድማ ይብሳል። ሪፒተር ልግዛ ወይስ ፓኬጁን ላሳድግ?»

መልስ፦ ፓኬጁን አያሳድጉ፤ ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። ጉሙም ነጻ ነው፦ ፋይበሩ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ጉም አይነካውም፣ ዋይፋይም በቤት ርቀት በጉም አይዳከምም። ጉምና ብርድ ሲሆን ሁሉም ሰው ቤት ገብቶ ስልኩን ይከፍታል፤ ልዩነቱ ያ ይመስለናል።

ራውተሩ በሁለት ባንድ የሚሠራ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ነው፣ ከጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ጋር ግን አይስማማም። 2.4 ግድግዳ በመጠኑ ያልፋል፣ ነገር ግን ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት አንቴና ባለው ተራ ስልክ 20 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ላይ የሚስማማበት ፍጥነት 144 ሜጋ ቢት ሲሆን በእጅ የሚገባው ከዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ስልክዎ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር ከሚባሉት መተግበሪያዎች አንዱን ጭነው የሲግናሉን መጠን በየክፍሉ እየቆሙ ያንብቡ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። እስከ 67 ሲቀነስ ድረስ ቪዲዮ በደንብ ያያሉ፤ 75 ሲቀነስን ካለፈ መጎተት ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ ምንም ሳይገዙ የሚሠሩትን ይሥሩ። ራውተሩ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ አጠገብ ወይም ብረት ቁም ሳጥን ላይ ካለ ያንሱትና በሰው ቁመት ልክ፣ ወደ መኝታ ቤቱ በር ትይዩ ያድርጉት። ሲግናሉ በበሩ ክፍት እንጂ በድንጋዩ አይሂድ። የ2.4ን ቻናል ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ጎረቤት ባልያዘው ላይ ይወስኑት፤ 3 ወይም 8 ላይ ማድረግ በሁለት ወገን መረበሽ ነው። የጥበቃ ምርጫው ውስጥ «ቲኪፕ» የሚል ካለ ወደ ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ ይለውጡት፤ በቲኪፕ ሲሠራ ዋይፋዩ ከ54 ሜጋ ቢት በላይ አይሄድም። ይህችን ያልተነካች ቅንብር ብዙ አሮጌ ራውተር ላይ እናገኛታለን።

ሪፒተሩን በተመለከተ፣ የተዳከመ ሲግናል ተቀብሎ በዚያው ቻናል መልሶ ስለሚናገር ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቆርጠዋል። እኛ የምንመርጠው ኬብል ነው። ከራውተሩ እስከ መኝታ ቤቱ የካት 6 ኬብል ያስዘርጉና ጫፉ ላይ ሁለተኛ ራውተር በ«አክሰስ ፖይንት» ዓይነት፣ ማለትም ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ አድርገው፣ ያስገቡ። አሮጌ ራውተር ካለዎትም ይሆናል፦ አድራሻውን ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ይለውጡ፣ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህን 192.168.1.2 ያድርጉት፤ ዲኤችሲፒ የሚለውን ያጥፉ፤ ኬብሉን ዋን (የኢንተርኔት መግቢያ) በተባለው ቀዳዳ ሳይሆን ላን ላይ ይሰኩ። ዲኤችሲፒውን ሳያጠፉ ከሰኩት ግማሹ ስልክ ኢንተርኔት ያገኛል ግማሹ አያገኝም፤ ምክንያቱም ሁለት ራውተር አድራሻ እያደለ ነው።

ግድግዳው ወደ ውጭ የሚበሳ ከሆነ ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ እያዘቀዘቀ እንዲሄድ ያሳስቡ፤ ያለበለዚያ በክረምት ውኃው ኬብሉን ተከትሎ ሳሎንዎ ይገባል። ለሰርቪስ ቤቱ ግን ተራ የመዳብ ኬብል በጣሪያ ላይ አያንጠልጥሉ። መብረቅ በቅርብ ሲወድቅ ያ ሽቦ ጉልበቱን ወደ ሁለቱም ቤት ያመጣዋል፣ መሣሪያዎቹም አብረው ይቃጠላሉ። በቱቦ አድርገው ይቅበሩት፤ አቅም ካለ ደግሞ የኬብሉን መልእክት ወደ ብርሃን የሚለውጡ ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተርና ብረት የሌለበት አጭር ፋይበር ይሻላል። የሰርቪስ ቤቱ ግድግዳም ቆርቆሮ ከሆነ አክሰስ ፖይንቱ ውስጡ ይግባ። ከውጭ የሚመጣውን ሲግናል ቆርቆሮ አያሳልፈውም።

ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ

«ጎበዝ የሚባል ልጅ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ቢያይ የብርሃኑ መጠን 28 ሲቀነስ ነው አለኝ። አልፎ አልፎ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ይሆናል። ለፍጥነቱ ማነስ ምክንያቱ ይህ ነው?»

መልስ፦ ልጁ ትክክለኛውን ቦታ አይቷል። ለሌሎችም እንዲጠቅም፣ ሁዋዌ ሳጥን ላይ በብሮውዘር 192.168.100.1 ብለው ሲገቡ ስታተስ በሚለው ሥር «ኦፕቲካል» የሚል ገጽ አለ። «አርኤክስ» የተባለው ሳጥኑ የሚቀበለው ብርሃን ነው፣ መለኪያው ዲቢኤም። የተለመደው የጂፖን ሳጥን ከ8 ሲቀነስ እስከ 27 ሲቀነስ ድረስ ይቀበላል። 28 ሲቀነስ ከወሰኑ ውጭ ነው።

ብርሃን እንደ ዋይፋይ ሲግናል እየቀነሰ ሲሄድ ፍጥነትን ቀስ በቀስ የሚቀንስ አይደለም። ወሰኑ ውስጥ እስካለ ድረስ 24 ሲቀነስ የሚያገኝ ቤትና 17 ሲቀነስ የሚያገኝ ቤት ፍጥነታቸው አንድ ነው። «ብርሃኑን ከፍ አድርጉልኝና ይፍጠን» ብሎ ማመልከት ትርጉም የለውም። ወሰኑ ላይ ሲደርስ ግን መረጃው ይሳሳታል፣ እንደገና ይላካል፣ ከዚያ ጨርሶ ይቆረጣል፤ ቀይ መብራቱ ያ ነው። በእርስዎ ቤት መጎተትና መቆራረጥ አብረው ከመጡ መነሻው እዚሁ ነው።

በዲቢኤም የሚነበቡ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ዲቢ ይባላል፤ ሦስት ዲቢ መቀነስ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ለ32 ቤት የሚከፍለው ስፕሊተር ብቻውን 17 ዲቢ ገደማ ይወስዳል። አንድ ኪሎ ሜትር ፋይበር ግን ግማሽ ዲቢ እንኳ አይወስድም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አራት አምስት ዲቢ ከጠፋ ርቀቱን አይውቀሱት፤ አንድ ቦታ ታጥፏል ወይም ቆሽሿል።

በዓይንዎ የሚያዩትን ይዩ። ከግድግዳው የፋይበር መሰኪያ እስከ ሞደሙ ያለችው ቀጭን ገመድ ምስማር ላይ ተጠምጥማለች? በአልጋ እግር ሥር አልፋለች? በር ይጨፈልቃታል? አይጥ ቀምሷታል? የተለመደው ፋይበር 3 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ይፈልጋል፤ ማለትም የተረፈው ገመድ ሲጠቀለል ከቡና ሲኒ ማስቀመጫ ባላነሰ ስፋት ይሁን። መታጠፍን የሚችለው አዲሱ ዓይነት እስከ 7.5 ሚሊ ሜትር ድረስ ይታገሣል፣ ግን የትኛው ቤትዎ እንደገባ ከላዩ አያውቁም። ፈትተው አላልተው ከጠቀለሉ በኋላ ቁጥሩን ደግመው ያንብቡ። 28 የነበረው 23 ከሆነ ጨርሰዋል።

ካልሆነ ጫፉ ነው። አረንጓዴው ጫፍ ፊቱ በ8 ዲግሪ የተቆረጠ ነው፤ ሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱ ቢገናኙ ይገባሉ፣ ነገር ግን በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ ብርሃኑም እዚያው ይባክናል፣ ጫፋቸውም ይጎዳል። ቀለማቸው የተለያየ ሆኖ ካገኙ ያንን ለቴክኒሻኑ ያሳዩት። ጫፉን በሸሚዝ ጥግ መጥረግ ከአቧራው የከፋ ነው። የሚጸዳው ክር በማይተው ጨርቅና 99 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ የቱንም ያህል ቢያቃጥል ለዚህ አይሆንም፣ ውኃ አለበትና እድፍ ትቶ ይደርቃል። የተነቀለ ፋይበር ውስጥ ደግሞ በዓይን አይመልከቱ። የሚወርደው ብርሃን 1490 ናኖ ሜትር ስለሆነ አይታይም፤ ስላልታየ ግን የለም ማለት አይደለም።

ከሳጥንዎ በፊት ያለው፣ ከምሰሶው ጀምሮ፣ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ሲያመለክቱ «ቀርፋፋ ነው» አይበሉ፤ «አርኤክስ 28 ሲቀነስ፣ ሎስ በቀን ይህን ያህል ጊዜ ቀይ ይሆናል» ብለው የገጹን ፎቶ ያያይዙ። ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ወደ መስመር ሠራተኛ ይመራል፤ ስሜቱን ይዞ የመጣው «ሞደሙን አጥፍተህ አብራ» ይባላል።

ከሸዋ ሮቢት

«ማታ ማታ ብቻ ይጎተታል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት። ጎረቤቶቼ ሙቀቱ ነው ይሉኛል። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ አለ።»

መልስ፦ ሙቀት ቢሆን ኖሮ የሚብሰው ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ነበር። ሮቢት ላይ ሙቀቱ ቀልድ ስላልሆነ ግን አንሽረውም፤ የቤት ራውተሮች ብዙዎቹ እስከ 40 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ሞደሙና ራውተሩ ተደራርበው ከተቀመጡ ይህን ማለፍ ቀላል ነው። ይለያዩዋቸው፣ ዳንቴሉን ያንሱ።

የማታው ነገር ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ግቢው ራሱ ነው። ስልኮች ማታ ቻርጅ ላይ ሲሰኩ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ ይልካሉ። መላኪያው ሲሞላ ማውረዱም አብሮ ይጎተታል፤ ምክንያቱም «ደርሶኛል» የሚለው መልስ በዚያው ጠባብ በር መውጣት አለበት። ሁለተኛው የሰፈሩ መስመር ነው። አንድ የ2.488 ጊጋ ፋይበር ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል፤ ከዚያም በላይ ያለው መንገድ ሊጨናነቅ ይችላል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ዋይፋዩን ከነጭራሹ ያጥፉና አንድ ላፕቶፕ ብቻ በኬብል ሰክተው ይለኩ። ፍጥነቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የግቢው ነው፦ የይለፍ ቃሉን ይለውጡ፣ ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባውን ደብሊውፒኤስ ያጥፉ፣ ለተከራዮች የእንግዳ ዋይፋይ ከፍተው ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ የፍጥነት ጣሪያ ያስቀምጡለት። ካልተመለሰ ሰፈሩ ነው። ጠዋት፣ ቀንና ማታ በኬብል እየለኩ ለአንድ ሳምንት በወረቀት ይያዙት፤ ሁልጊዜ በዚያው የመለኪያ ሰርቨር ይሁን። አንድ ቀን አዲስ አበባ፣ ሌላ ቀን አውሮፓ ባለ ሰርቨር የተለካ ቁጥር አይነጻጸርም።

ከዓለም ከተማ፣ መርሐቤቴ

«መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢንተርኔቱ ይጎተታል፣ ዋይፋዩም በራሱ ጠፍቶ ይበራል። የሞደሙ አዳፕተር ተቃጥሎ ሌላ ገዝቻለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪስ የቱን ልግዛ?»

መልስ፦ የገዙትን አዳፕተር ገልብጠው ያንብቡት። ቮልቱ ከሞደሙ ሥር ከተጻፈው ጋር እኩል፣ አምፒሩ ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። 12 ቮልት 1.5 አምፒር የሚፈልግ ሞደም 12 ቮልት 0.5 አምፒር ሲሰጡት ይበራል፣ ሲበራም ጤነኛ ይመስላል። ብዙ ስልክ ሲገናኝና ዋይፋዩ ጉልበት ሲጠይቅ ግን ቮልቱ ይወርድና ሞደሙ ራሱን እንደገና ያስነሣል። እርስዎ የጻፉልን ይህንኑ ነው። የመሰኪያው መሀል ፖዘቲቭ መሆኑንም በምልክቱ ያረጋግጡ። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ነቅለው፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ፤ አዳፕተር የሚገድለው መጀመሪያ ላይ የሚመጣው የተዛባ ቮልት ነው።

ለባትሪው የሚያዋጣው ለራውተር የተሠራ ሚኒ ዩፒኤስ ነው። ላዩ ላይ ያለው «8800 ሚሊ አምፒር ሰዓት» ግን የሚቆጠረው ባትሪዎቹ ባላቸው 3.7 ቮልት ነው እንጂ በ12 አይደለም። 8.8ን በ3.7 ሲያባዙ 32 ዋት ሰዓት ያህል ይመጣል፤ ቮልቱን ከፍ ሲያደርግ የሚጠፋው ሲነሳ 27 ገደማ ይቀራል። 10 ዋት የሚበላ ሞደምን ከሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሻጩ ስምንት ሰዓት ቢልዎት ይህን ስሌት ያሳዩት። ሞደሙና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱም ከባትሪው መሰካት አለባቸው፣ ሰዓቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በምሰሶውና በቤትዎ መካከል ያለው ስፕሊተር መብራት አይፈልግም፤ ከተማው በሙሉ ጨልሞም ቢሆን የማዕከሉ ጄኔሬተር እስከሠራ ድረስ ብርሃኑ ቤትዎ ይደርሳል።